ወደ ኋላ የቀረውን ተማሪ ስለ መመለስ

ለገጠር ተማሪ ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል



ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለ ጎበዙ ተማሪ አይደለም። ጎበዝ ተማሪ አስተማሪው ቢደክምለትም ባይደክምለትም መንገዱን ፈልጎ የሚያገኝ ነው፤ አባቱም በየገበያው ያመሰግነዋል፤ መምህሩም እንግዳ በመጣ ጊዜ አስነሥቶ ያስነብበዋል። እኔ የምናገረው በኋለኛው መደብ ላይ ስለሚቀመጠው፤ ስሙ ሲጠራ አቤት ከማለት በቀር ቃል ስለማይወጣው፤ ጥያቄ በተጠየቀም ጊዜ ዓይኑን ወደ መሬት ስለሚተክለው ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ የሌለበት ተማሪ ቤት የለም፤ በአንዳንዱ ክፍል አንድ ወይም ሁለት ነው፤ በአንዳንዱም ክፍል ከግማሽ የሚበልጥ ነው።

ይህ ልጅ ተማሪ ቤቱን የሚተወው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ መጠየቅን ይተዋል፤ ቀጥሎ መመለስን ይተዋል፤ ከዚያም ደብተሩን መክፈት ይተዋል፤ በመጨረሻ መምጣትን ይተዋል። እኛ ግን የምናየው የመጨረሻውን ብቻ ስለ ሆነ ስሙን ከመዝገብ ሰርዘን «ሰነፍ ነበረ፤ ተወው» እንላለን። እውነቱን ለመናገር ግን አካሉ ከተማሪ ቤት ከመውጣቱ አስቀድሞ ልቡ ወጥቶ ነበር። ልቡ በወጣ ጊዜ እርሱን መመለስ በአስተማሪና በወላጅ እጅ ያለ ሥራ ነው። አካሉ ከወጣ በኋላ ግን፤ ወንዱ ወደ ከብት ጥበቃ ወይም ወደ ከተማ የቀን ሥራ፤ ሴቲቱም ዕድሜዋ ሳይደርስ ወደ ትዳር ከሄደች በኋላ፤ መመለሱ እጅግ የጠና ነው።

ነገሩ ትንሽ እንዳይመስለን ጥቂት ቍጥር ልጥቀስ። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በልዩ ልዩ ክልሎች የታናናሽ ክፍል ልጆች የማንበብ ችሎታ ተመርምሮ ነበር፤ በዚያም ምርመራ በሁለተኛ ክፍል ከነበሩት ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ለክፍሉ ከተጻፈው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። እንደዚሁም በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን በታችኛው ክፍል ንባብን ያልያዘ ልጅ በላይኛው ክፍል መጽሐፍ ሁሉ የተዘጋ በር እንደሚሆንበት ሁላችንም እናውቃለን።

እንግዲህ ልጅ ወደ ኋላ የሚቀረው እንዴት እንደ ሆነ አስቀድመን እንመልከት። ብዙ ሰው «አእምሮ አልተሰጠውም» በማለት ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል። በገጠር የምናየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። በኅዳር ወር ጤፍ ሲታጨድ ልጁ ሁለት ሳምንት ከአባቱ ጋር በማሳ ይውላል፤ ከማሳ ሲመለስ ክፍሉ ማባዛትን ጨርሶ ማካፈልን ጀምሮ ያገኘዋል። ማካፈል ያለ ማባዛት አይሆንምና አስተማሪው የሚናገረው ሁሉ እንደ ባዕድ ቋንቋ ይሆንበታል። መጠየቅ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ከርሱ በቀር ለሁሉ የገባው ስለሚመስለው ያፍራል። በማግሥቱ ባልገባው ነገር ላይ ሌላ ያልገባው ይጨመርበታል። ሴቲቱም ልጅ ጧት ውኃ ቀድታ እስክትደርስ የመጀመሪያው ትምህርት ያልፋታል፤ የመጀመሪያውም ትምህርት ዘወትር ንባብ የሆነ እንደ ሆነ፤ ያች ልጅ በመዝገብ ላይ አንድም ቀን ሳትቀር ዓመቱን ሙሉ ንባብ ሳትማር ትከርማለች። ሌላውም ዓይኑ ጥቍሩን ሰሌዳ አጥርቶ አያይም፤ ወይም ጆሮው ይከብዳል፤ ወይም እህል ሳይቀምስ ሩቅ መንገድ ተጉዞ የመጣ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ከመጀመሪያው ጕድለት የባሰ ነው። ልጁ «ይህን ትምህርት አላወቅሁትም» ማለቱን ትቶ «እኔ የማላውቅ ነኝ» ማለት ይጀምራል። እነዚህ ሁለቱ ቃሎች ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ በትርጓሜ ግን እጅግ ይራራቃሉ። የፊተኛው ስለ ትምህርቱ የተነገረ ነው፤ የኋለኛው ግን ልጁ በራሱ ላይ የፈረደው ፍርድ ነው። በራሱ ላይ የፈረደ ልጅ ሞክሮ ከሚዋረድ ይልቅ ሳይሞክር ሰነፍ መባልን ይመርጣል። ከእንደነዚህ ያሉት ልጆች አንዳንዱ ዝም ይላል፤ አንዳንዱም ይስቃል፤ ይረብሻል፤ ጓደኛውን ይነካካል። ሁለቱም የሚሸሽጉት አንድ ነገር ነው። ስለዚህ አስተማሪ ዝምተኛውን «ጨዋ ነው» ብሎ፤ በጥባጩንም «ባለጌ ነው» ብሎ ከማለፉ በፊት ደብተራቸውን ገልጦ ሊያይ ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። እንዲህ የወደቀውን ልብ የሚያነሣው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን የማበረታቻ ቃል ይመስለናል፤ «አይዞህ፤ በርታ፤ ትችላለህ» እንላለን። ይህ ቃል መልካም ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የኖረው አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ጽሑፍ፤ ሰው «ይህን ለማድረግ እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከአራት ምንጭ እንደሚያገኝ አስረዳ። አንደኛው ራሱ ሠርቶ መፈጸሙ ነው፤ ሁለተኛው እንደርሱ ያለ ሌላ ሰው ሲፈጽም ማየቱ ነው፤ ሦስተኛው የሚያምነው ሰው የሚነግረው ቃል ነው፤ አራተኛው በሥራው ጊዜ በአካሉና በመንፈሱ የሚሰማው ፍርሃት ወይም ዕረፍት ነው። ከአራቱም የሚበረታው ራሱ ሠርቶ መፈጸሙ ነው። እንግዲህ ልጅ አስቀድሞ አምኖ ኋላ የሚችል አይደለም፤ ጥቂት ሲችል ጥቂት ያምናል፤ ጥቂት ሲያምን ደግሞ የሚበልጠውን ይሞክራል።

ይህ ነገር ለእናንተ ለአባቶች እንግዳ አይደለም። ወይፈን ስትገሩ በመጀመሪያው ቀን ድንጋያማ ቍልቍለት ላይ የሚጠምደው ማን ነው? ሥራ ከለመደ በሬ ጋር ትጠምዱታላችሁ፤ በለስላሳ መሬት ታስጀምሩታላችሁ፤ ጥቂት ትልም አርሶ ሳይመረር ትፈቱታላችሁ። ቢተኛም «ይህ በሬ አይሆንም» ብላችሁ በአንድ ቀን አትሸጡትም። ለወይፈን የምናውቀውን ትዕግሥት ለልጅ ብንነፍገው ትልቅ ጕድለት ነው።

የጥንቱም የቤተ ክህነት ትምህርት ሥርዓት ይህን ያውቅ ነበር። በቅኔ ቤት አዲስ የገባ ተማሪ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ አምጣ አይባልም፤ ሁለት ቤት ብቻ ያለውን ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እርሱን ሲችል ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ መወድስ ይደርሳል። በንባብም ቤት ተማሪ ፊደሉን ይቈጥራል፤ ቀጥሎ ግእዝ ንባብ፤ ከዚያም ውርድ ንባብ፤ በመጨረሻ ቁም ንባብ ያነብባል። አንዱን ሳይዝ ወደ ሌላው አያልፍም፤ የያዘም ቢሆን ጓደኛው እስኪደርስ አይጠብቅም። በዚያ ሥርዓት ተማሪ የሚመዘነው በያዘው ትምህርት ነው እንጂ በተማረው ዓመት ብዛት አልነበረም። ዛሬ ግን ልጆች በዕድሜና በዓመት ተከፍለው አንድ መጽሐፍ በአንድ ቀን ስለሚማሩ፤ ደረጃውን የሳተ ልጅ ደረጃው ሳይጠገንለት ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል።

ስለ ቅዱስ ያሬድም አባቶች የሚናገሩትን ታሪክ ሁላችን እናውቃለን። በአክሱም ከመምህሩ ከጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርት አልገባው ብሎ፤ ቅጣትም በዝቶበት ኰበለለ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ እየሞከረ ደጋግሞ ሲወድቅ፤ በመጨረሻም ወጥቶ ፍሬውን ሲበላ አየ፤ ይህን አይቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ፤ ኋላም የዜማ አባት ለመሆን በቃ። ይህን ታሪክ ለልጆች የምንነግራቸው «እናንተም እንደ ትሉ ትጉ» ለማለት ነው፤ ይህም ደግ ነው። ነገር ግን ታሪኩ ለእኛም ለታላላቆቹ የሚነግረን ነገር አለው። ያሬድን የመለሰው አለንጋው አልነበረም፤ አለንጋውስ አስኰበለለው። የመለሰው ወድቆ የተነሣ ፍጥረት ማየቱ ነው። በተመለሰም ጊዜ መምህሩ «ቀድሞ ሸሽተሃል» ብሎ በሩን አልዘጋበትም። በዚያች ቀን በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ይህች አገር ምን ታጣ እንደ ነበረ አስቡት።

አሁን በተማሪ ቤታችን ልናደርገው የሚገባንን በተራ ልናገር።

መጀመሪያ፤ ልጁ የቆመበትን ስፍራ በትክክል ማወቅ ነው። «ንባብ አይችልም» ማለት ምንም አይጠቅመንም፤ ፊደል አይለይም ወይስ ፊደል ለይቶ ቃል መግጠም ነው ያቃተው? ቃል ያነብባል ነገር ግን ትርጓሜውን አይዝም? ይህን ለማወቅ ብዙ ወረቀት አያስፈልግም። በአንድ ገጽ ላይ ጥቂት ፊደሎች፤ ጥቂት ቃሎች፤ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር፤ አንድም አጭር ታሪክ ጽፎ፤ ልጁን ለብቻው ከጓደኞቹ ፈቀቅ አድርጎ ማስነበብ ነው። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። በክፍሉ 60 ልጆች ቢኖሩ 300 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም 5 ሰዓት ነው፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት ብትሰጡ በአንድ ሳምንት ይፈጸማል።

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር አስተውሉ። ፊደላችን 33 ሲሆን በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ብዙ ልጅም ከ«ሀ» ጀምሮ እስከ መጨረሻው በዜማ ይወርደዋል። ነገር ግን ከመካከል አንዱን ፊደል ጠቍማችሁ «ይህ ማነው?» ብትሉት ከመጀመሪያው ጀምሮ ካልዘመረ አያገኘውም። ይህ ልጅ ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልያዘም። አባቶቻችን ይህን ተንኰል ስለሚያውቁ ነው ከ«ሀ ሁ ሂ» ቀጥለው «አ ቡ ጊ ዳ» የሚያስቈጥሩት፤ ተራው ሲዛነቅ ዜማው ስለማይረዳው ልጁ መልኩን ለማየት ይገደዳል። ስለዚህ ፊደሎቹን በካርቶን ቍራጭ ጽፋችሁ አደባልቁና አንድ በአንድ እያነሣችሁ ጠይቁት። የሳታቸው ከ231ዱ ምናልባት ሃያ ብቻ ሆነው ይገኛሉ፤ «ንባብ አይችልም» የተባለው ልጅ ሃያ ፊደል ብቻ የቀረው ልጅ ሆነ ማለት ነው። ይህን ለራሱ ብትነግሩት ሸክሙ ምን ያህል እንደሚቀልለት በፊቱ ላይ ታያላችሁ።

ሁለተኛ፤ ስሕተቱን ከመሰረዝ በፊት መንገዱን መጠየቅ ነው። ለምሳሌ ከ52 ላይ 38 ሲቀነስ ስንት ይቀራል ብትሉት ልጁ 26 ብሎ ይጽፋል። ቀዩን መስመር አስምሮ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን «እንዴት አድርገህ አገኘኸው?» ብትሉት፤ «ከ8 ላይ 2 ሲነሣ 6፤ ከ5 ላይ 3 ሲነሣ 2» ይላችኋል። አያችሁን? ልጁ አስቦ ነው የሠራው፤ መቀነስም ያውቃል፤ የጐደለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከአሥር ቤት ለአንድ ቤት መበደርን አላወቀም። ስለዚህ አምስት የአሥር የአሥር እንጨት እስሮችና ሁለት ነጠላ እንጨቶች ስጡት። ስምንት ነጠላ ማንሣት ሲያቅተው አንዱን እስር ራሱ ይፍታ፤ ነጠላው 12 ይሆናል፤ ከዚያ ላይ 8 ቢያነሣ 4 ይቀረዋል፤ ከቀሩት አራት እስሮች ሦስቱን ቢያነሣ አንድ ይቀረዋል፤ መልሱ 14 ነው። በእጁ የፈታውን እስር አይረሳውም። «ተሳስተሃል» ከተባለ ልጅና «እስከዚህ ድረስ ደኅና አድርገህ መጥተሃል፤ የሳትከው እዚህ ላይ ነው» ከተባለ ልጅ፤ በማግሥቱ እጁን የሚያነሣው የኋለኛው ነው።

ሦስተኛ፤ በቀን አንድ ሰዓት ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በደረሱበት ደረጃ መመደብ ነው። በዚህ ረገድ በህንድ አገር የተደረገውን ልንገራችሁ። በሙምባይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ፕራታም የተባለው ማኅበር፤ ልጆች አራትና አምስት ዓመት ተምረው ንባብ እንዳልያዙ ባየ ጊዜ፤ ከላይ እንደ ነገርኋችሁ ባለ አጭር ፈተና እያንዳንዱን መረመረ። ከዚያም የሦስተኛ፤ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆችን አደባልቆ፤ ፊደል የሚማሩትን በአንድ፤ ቃል የሚያነብቡትን በአንድ፤ ታሪክ የሚያነብቡትን በአንድ አድርጎ፤ በቀን ለጥቂት ሰዓት በጨዋታና በንባብ ያስተምራቸው ጀመር። አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ የተባሉት ሊቃውንትም ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን አሠራር በብዙ ስፍራ መዝነው፤ እንዲህ የተረዱት ልጆች ካልተረዱት ይልቅ በትምህርታቸው ጐልተው እንደ ተሻሻሉ አገኙ። እነዚህ ሊቃውንት ድኅነትን ለመቀነስ በሚደረገው ምርምር ስለ ሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2019 ከማይክል ክሬመር ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ አሠራር ዛምቢያን ወደ መሰሉ የአፍሪካ አገሮችም ደርሷል። የሚያስፈልገውም ውድ መሣሪያ ሳይሆን ካርቶን፤ እንጨት፤ ጠመኔና አስቀድሞ ልጁን ማወቅ ነው።

አራተኛ፤ ልጅን በልጅ ማስረዳት ነው። በቅኔ ቤት ጀማሪውን የሚያለማምደው አስነጋሪው እንጂ የኔታ ብቻቸውን አልነበሩም። ዛሬም ጥቂት የቀደመው ተማሪ ጥቂት የዘገየውን ያስጠናው። ነገር ግን ከሁሉ የላቀውን ጎበዝ ከሁሉ ከዘገየው ጋር አታጣምሩ፤ ርቀቱ ሲበዛ አንዱ ይሰለቻል፤ አንዱም ያፍራል። ትናንት ወድቆ ዛሬ የተነሣውን ልጅ አሁን ከወደቀው ጋር አስቀምጡት፤ እንደርሱ ያለ ሰው ሲፈጽም ማየት ሁለተኛው የእምነት ምንጭ ነው ብለናልና። የዘገየው ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ተረጂ ብቻ እንዳይሆን፤ አምስተኛ ክፍል ያለው ደካማ አንባቢ ለመጀመሪያ ክፍል ልጆች የፊደል ካርቶን ያሳይ፤ ለማስተማር ሲል እርሱም ይማራል፤ ከዚህም ይልቅ ከርሱ የሚፈለግ ነገር እንዳለ ያውቃል።

አምስተኛ፤ ምስጋናን በልክና በስፍራው ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ባወጡት ጥናት፤ «ብልህ ነህ» ተብለው የተመሰገኑ ልጆች ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ከወደቁ በኋላ ልባቸው ሲደክም፤ «ተግተህ ሠርተሃል» ተብለው የተመሰገኑት ግን ይበልጥ ሲበረቱ ተገኙ። ብልህነቱ የተመሰገነ ልጅ ሲወድቅ ብልህነቱ የጠፋ ይመስለዋል፤ ትጋቱ የተመሰገነ ግን ሲወድቅ ምን መጨመር እንዳለበት ያውቃል። ደግሞም ሐሰተኛ ምስጋና አታመስግኑ። ምንም ያልሠራውን ልጅ «ግሩም ነው» ብትሉት እናንተን አያምንም፤ ጓደኞቹም ይስቁበታል። «ባለፈው ሳምንት አራት ቃል አንብበህ ነበር፤ ዛሬ ዘጠኝ አነበብክ» በሉት። ይህ ምስጋናም ምስክርነትም ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ በየሳምንቱ የቻለውን በቀን በቀን ጻፉለት፤ ራሱን ከጓደኛው ሳይሆን ከትናንቱ ጋር ያስተያይ።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንዱ መምህር «ወደ ፊደል ከተመለስሁ የዓመቱን መጽሐፍ መቼ እጨርሳለሁ?» ይላል። ይህ የሚገባ ጥያቄ ነው፤ መምህሩም ስለ መጽሐፉ ይጠየቅበታል። ነገር ግን መጽሐፉን የሚጨርሰው ማነው? አስተማሪው ነው ወይስ ተማሪው? አስተማሪው የመጨረሻውን ገጽ ቢገልጥ፤ ክፍሉም ከሦስተኛው ገጽ ላይ ቆሞ ቢቀር፤ መጽሐፉ አልቋል ማለት አይቻልም። ለሁሉም ትምህርት ቍልፉ ንባብ ስለ ሆነ፤ በቀን የሚሰጠው አንድ ሰዓት የጠፋ ሰዓት አይደለም፤ የቀሩት ሰዓቶች እንዳይጠፉ የሚያደርግ ነው እንጂ።

ሁለተኛውን ተቃውሞ የሚያነሡት አንዳንድ አባቶች ናቸው፤ «እኛ የተማርነው በአለንጋ ነው፤ ልጅ ካልፈራ አይማርም» ይላሉ። አባቶች ሆይ፤ በአለንጋ ተምረው የወጡትን እናያለን፤ በአለንጋው ምክንያት ሸሽተው የቀሩትን ግን የሚቈጥራቸው የለም። የሚፈራ ልጅ አሳቡ ሁሉ በበትሩ ላይ ስለሚሆን ለፊደሉ የሚተርፍ አሳብ የለውም። ከዚህም በላይ በ1987 ዓ.ም. የጸናው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ፤ ልጅ በተማሪ ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህም ማለት ሥነ ሥርዓት ይቅር ማለት አይደለም። ሰዓት ያክብር፤ የጀመረውን ይጨርስ፤ የሰበረውን ይጠግን። ባለማወቁ ግን አይቀጣ፤ ተማሪ ቤት የመጣው ስላላወቀ ነውና።

አሁን ለእናንተ ለሽማግሌዎች የሚገባውን ልናገር፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና አስተማሪው ብቻውን ይህን ሸክም አይችለውም።

የአጨዳ ጊዜ ሲመጣ ልጆችን ጨርሶ ከማስቀረት በተራ አሰልፉ፤ ዛሬ አንዱ ቢቀር ነገ ሌላው ይቅር። የሚቀረውም ልጅ ማታ ከጎረቤት ልጅ ዘንድ ሄዶ የዋለውን ትምህርት እንዲጠይቅ እዘዙት፤ አስቀድማችሁም ለአስተማሪው ንገሩ። የውኃ መቅዳቱ ሥራ በሴት ልጅ ላይ ብቻ የወደቀ እንደ ሆነ ከወንድሟ ጋር አካፍሏት፤ ጧት የሚያልፋት ትምህርት ማታ አይመለስላትምና። በቤትም ሳለ «ድንጋይ ራስ» ማለትን፤ ከወንድሙ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደርን ተዉ፤ በአባቱ አፍ የተነገረ ቃል በልጁ ልብ ረዥም ዘመን ይቀመጣል።

ፊደል የማያውቅ አባት ወይም እናት «እኔ ምን ልረዳው እችላለሁ?» ይላሉ። ብዙ ይችላሉ። ማታ በእሳት ዳር ተቀምጠው «እስቲ አንብብልኝ» ቢሉት፤ ያነበበውንም «ምን ማለት ነው?» ብለው ቢጠይቁት፤ ልጁ በዚያች ሰዓት ለቤቱ አስፈላጊ ሰው ሆነ ማለት ነው። የማዳበሪያውን ደረሰኝ፤ በስልክ የመጣውን መልእክት እርሱ ያንብብላችሁ። የዕድር ስብሰባ ሲሆን የስም ዝርዝሩን ንባቡን እያሻሻለ ላለው ልጅ ስጡት፤ አስቀድሞ ግን በቤቱ እንዲለማመደው ዝርዝሩን ከአንድ ቀን በፊት ስጡት፤ በሰው ፊት ልናስከብረው እንጂ ልንፈትነው አይደለምና።

እንደዚሁም ዓይኑን የሚያጠብብ፤ ሲጠሩት የማይሰማ፤ ወይም ብዙ ተደክሞለት ፊደል ከፊደል መለየት ፈጽሞ የሚቸግረው ልጅ ቢኖር፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመርምሩት፤ በተማሪ ቤትም ከፊት ይቀመጥ። ከሌላው ይልቅ ረዥም ጊዜና ልዩ እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ አለ። የሚዘገይ ሁሉ የማይደርስ አይደለም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏልና።

ስለዚህ ተሰብስበን ተነጋግረን ብቻ እንዳንለያይ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። እናንተ መምህራን በሚመጣው ሳምንት ከክፍላችሁ ሦስት ልጆች ምረጡ፤ ስማቸውን ስትጠሩ ድምፃቸው የማይሰማውን ሦስቱን። ለያንዳንዳቸው አምስት ደቂቃ ስጡ፤ የቆሙበትን ስፍራ እወቁ፤ በዚያም ቀን ሊፈጽሙት የሚችሉትን አንድ ትንሽ ሥራ ስጧቸውና ሲፈጽሙት እዩላቸው። እናንተም ሽማግሌዎች በየመንደራችሁ በዚህ ዓመት ከተማሪ ቤት የቀሩትን ልጆች ቍጠሩ፤ ወደ ቤታቸው ሂዱ፤ ለምን እንደ ቀሩ ከአባታቸው ብቻ ሳይሆን ከራሳቸው ከልጆቹ አንደበት ስሙ። ባል ከሚስት፤ ጎረቤት ከጎረቤት የምታስታርቁ እናንተ፤ ልጅን ከትምህርቱ ጋር ማስታረቅ አይሳናችሁም። የተመለሰም ልጅ በተማሪ ቤቱ በር ሲገባ ማንም «የት ነበርክ?» ብሎ አያሳፍረው፤ «እንኳን መጣህ፤ ቦታህ ይኸውልህ» ይበለው።